ሣር መስሎኝ ሦስት ክረምት የታገልኩት እንግጫ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ 200 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ሣር አስተከልኩ። ሐሳቤ ግቢውን ለማከራየት ነበር። ቀለበት፣ ልደት ወይም ምርቃት ኖሮባቸው ትልቅ አዳራሽ ለመከራየት አቅም የሚያጥራቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በማንጎው ዛፍ አጠገብ፣ በአረንጓዴ ሣር ላይ ቢደግሱ እነርሱም ይደሰታሉ፣ የእኔም ጡረታ ትደጎማለች። ከቁጠባዬ ትልቁን ድርሻ ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ያ ሣር በአንድ አረም ምክንያት ሊጠፋብኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ሦስት ክረምት ታገልኩ፤ በእያንዳንዱ ክረምት ያደረግሁት ነገር ግን አረሙን አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው አስቀምጦ «ይህ ሣር አይደለም፤ ስሙ ይህ ነው፤ እባክሽ እንዲህ አታድርጊው» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ የወገብ ሕመም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር የገባሁበት ቅያሜ ይቀርልኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ሣር ያለው ወይም ሊተክል ያሰበ ሰው ከእኔ ይማር ብዬ ነው የምጽፈው።

አረሙ የገባው ከአፈር ጋር ነው። የግቢዬ መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ለሣር የሚመች የላይ አፈር ያስፈልጋል ተብዬ በሰኔ ወር በሁለት ገልባጭ መኪና አፈር አስመጣሁ። ከወንዝ ዳር የተጫነ፣ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ነበር፤ ዘግኜ ሳየው ልቤ ሞላ። ሻጩን የጠየቅሁት ዋጋውን ብቻ ነው። ምን ይበቅልበት እንደነበር አልጠየቅሁም። ሠራተኞቹ ሲበትኑት ሽምብራ የሚያካክሉ ጥቁር ነገሮች አይቻለሁ፤ ጠጠር መስለውኝ አለፍኳቸው።

ዛሬ አፈርም ሆነ ፍግ ከመግዛቴ በፊት አንድ ባልዲ ናሙና እወስዳለሁ። ውሃ አርከፍክፌበት ሞቅ ያለ ቦታ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ። የሚበቅለውን ካየሁ በኋላ ነው መኪናው እንዲመጣ የምፈቅደው። ሻጩ መታገሥ ካልፈለገ ሌላ ሻጭ አለ። ይህችን አንዲት ነገር ብታደርጉ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ላይደርስባችሁ ይችላል።

በመጀመሪያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ እዚህም እዚያም ቀጥ ብለው የሚያድጉ፣ ሰም የተቀቡ ይመስል የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ያስተከልኩት ሰርዶ ገና መሬት ለመሬት እየዳኸ ሳለ እነዚህ ቀድመው ለመለሙ። ደስ አለኝ። አፈሩ ምን ያህል ለም ቢሆን ነው አልኩ። እንዲያውም አትክልተኛው እንዳይረግጣቸው አስጠነቀቅሁት። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲቆም ቢጫ ሆነው ደረቁ፤ እኔም ረሳኋቸው።

በ2009 ሰኔ ገና ሳይጋመስ ግቢው መልኩን ለወጠ። በአምስትና በስድስት ቦታ፣ እያንዳንዱ የምጣድ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። ሣሩን ባሳጨድኩ በሦስተኛው ቀን ይህኛው ከሰርዶው አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይቆማል። ግቢው ያልተላጨ ጢም መሰለ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሬ በዶማ አስቆፈርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሠሩ። የወጣውን ሁሉ ለኮምፖስት ይሆናል ብዬ ከአጥሩ ሥር አስከመርኩ። ዝናቡ በየቀኑ ይጥል ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን አንድ ቡቃያ በነበረበት ሦስትና አራት ቆመው አገኘሁ። ሠራተኞቹ በጫማቸውና በዶማቸው ያደረሱት ደግሞ እስከ በሩ ድረስ በየመንገዱ በቅሎ ነበር። ከአጥሩ ሥር ያለውም ክምር በራሱ ላይ አበቀለ።

«በደንብ ስላልቆፈሩ ነው» ብዬ መልሼ አስቆፈርኩ። እንደገና በዛ። ምክንያቱን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ2010 ወደ መድኃኒት ዞርኩ። የግብርና መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው ጋ ሄጄ «ሣሬ ውስጥ አረም አለ» አልኩት። ምን ዓይነት አረም እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም ቅጠሉን ይዤ አልሄድኩም። ገበሬው በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨውን ቱፎርዲ ሰጠኝ። ይህ መድኃኒት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች እንደሚገድልና ጤፉንና ስንዴውን እንደሚተው የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእኔው አረም ጥቂት ቀን ገርጥቶ አገገመ። በረጨሁበት ቀን ግን ነፋስ ነበረ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው አሮጊት ጎረቤቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላት፣ የተከለችው ቲማቲም በሳምንቱ ቅጠሉ እንደ ገመድ ተጠማዘዘ። ቲማቲም ይህን መድኃኒት ከማይችሉ አትክልቶች አንዱ ነው። ለገበያ የምታወጣው ነበር። ካሳ ልክፈል ብዬ ሄድኩ፤ አልተቀበለችኝም። ቡና መጠራራታችንም በዚያው ቀረ።

ይህም አልበቃኝም። በነሐሴ ግላይፎሴት ገዛሁ። እርሱ የነካውን አረንጓዴ ሁሉ የሚያደርቅ ነው፤ ሰርዶውንም አይምርም። በቦታ በቦታ ብቻ እረጫለሁ ብዬ ጀመርኩ። ከፊሉን በረጨሁ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ አጠበው። የቀረው ሠራ፤ ግቢዬ ላይ የምጣድ ስፋት ያላቸው ቡናማ ክቦች ቀሩ። በወሩ ከእነዚያ ባዶ ክቦች መጀመሪያ ብቅ ያለው ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። መድኃኒቱ ከቅጠሉ ጋር የተያያዘውን ሥር ይደርሰዋል፤ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ቅጠል ያላወጣውን ግን አያገኘውም። ሰርዶው ሲሞትለት ፀሐዩንና ቦታውን ለብቻው ወረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከግቢዬ የሚወጣው የክረምት ጎርፍ በሰፈሩ ቦይ አልፎ ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው። ጣና ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በእምቦጭ ተወርሮ ምን ያህል እንደተጎዳ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ሰው በእጁ እምቦጭ ሊያወጣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ በሚቆምበት አገር፣ ለሣር ውበት ብዬ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም መርዝ መርጨቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የግድ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ቢያንስ የአረሙን ቅጠል ይዞ ሄዶ ባለሙያ ያማክር፣ ነፋስና ዝናብ በሌለበት ቀን ይርጭ፣ የመድኃኒቱን ጀሪካን ደግሞ ለምንም ነገር አይጠቀምበት፤ ለውሃም ለጠላም።

በ2011 የቀረኝ ሣሩን ማጠንከር ነው ብዬ በሐምሌ ዩሪያ በተንኩ። አረሙ አጥሮ ከዓይን እንዲሰወር ሣሩን ከሥሩ አስላጨሁት። ሁለቱም ለአረሙ ነው የጠቀሙት። ዩሪያውን ከሰርዶው ፈጥኖ በላው፤ የተላጨው ሰርዶ ደግሞ መሬቱን መሸፈን አቃተውና ፀሐይ እስከ አፈሩ ገባለት። በነሐሴ መጨረሻ ለቀለበት ግቢውን ሊያዩ የመጡ ቤተሰቦች ዞር ዞር ብለው አይተው፣ በትሕትና አመስግነው ሄዱ፤ አልተመለሱም። በዚያው ሳምንት ግቢውን በሙሉ ኮብልስቶን ላስነጥፈው ወስኜ ቦታውን አስለካሁ።

ጳጉሜን ላይ እማማ መጣች። አዲስ ዓመት በቅያሜ አይገባም ብላ ነው የመጣችው። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ከለከለችኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ቡና ላፈላ ስል «ውጭ እንጠጣ» አለችኝና ሣሩ ላይ በርጩማ አወጣሁላት። ስኒዋን ሳታነሳ መሬቱን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ እንግጫ ምን ልታደርጊበት ተከልሽው?»

«አልተከልኩትም እማማ። የማይነቀል ሣር ሆኖብኝ ነው።»

«ሣር አይደለም እኮ» አለችኝ።

እማማ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ናት። በልጅነቷ፣ ልክ እንደዚያ ሰሞን ባለው የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅሉ ነበር፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። ስለዚህ ለእርሷ እንግጫን ከሣር መለየት ጤፍን ከስንዴ እንደ መለየት ነው። ጎንበስ ብላ አንድ ግንድ ቀጠፈችና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አንከባለለችው። ከዚያም ለእኔ ሰጠችኝ። አልተንከባለለም፤ ጠርዝ አለው። ሦስት ማዕዘን ነው። ቀጥላ የሰርዶ ግንድ ሰጠችኝ፤ ያ ክብ ነው፣ በየመሐሉም አንጓ አለው። እንግጫው አንጓ የለውም፤ ከታች እስከ ላይ ወጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የረገጥኩትን ነገር አንድ ጊዜ በጣቴ አንከባልዬ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ቢላዋ ተቀብላኝ ከአንዱ ቡቃያ ጎን አፈሩን ቀስ እያለች ከፈተች። ከነጩ ሥር የስፌት ክር የመሰለ ነገር ወደ ጎን ሄደ። ክሩን ስንከተል ሽምብራ የምታህል ጥቁር ፍሬ አገኘን፤ ከእርሷ ሌላ ክር፣ ከዚያ ሌላ ፍሬ። እነዚያ በ2008 ጠጠር ያልኳቸው ናቸው። አንዷን ሰብራ አስሸተተችኝ፤ ውስጧ ነጭ ነው፣ እንደ ቅመም ያውዳል። «አባቴ በክረምት አይነካውም ነበር» አለችኝ። «በበጋ ነው መሬቱን ገልብጦ ለፀሐይ የሚሰጠው።»

ኮብልስቶኑን በማግሥቱ ሰረዝኩ።

ለመለየት የሚያስፈልጋችሁን እዚህ ላይ ሰብስቤ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነውና። መጀመሪያ ግንዱን በጣት አንከባልሉ፤ ጠርዝ ካለው እንግጫ ነው። ቅጠሎቹን ከላይ ወደ ታች እዩ፤ በሦስት አቅጣጫ ተከፍለው ይወጣሉ፤ የሣር ቅጠል ግን በሁለት በኩል ብቻ ነው። ከታጨደ በሁለትና በሦስት ቀን ከሌላው ሣር ከፍ ብሎ ይታያል። ከተተወ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጋ ቀይ ቡናማ አበባ ያወጣል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከመሬት በታች ያለችው ፍሬ ናት። ፍሬ እላታለሁ እንጂ ነገሯ እንደ ድንች ነው፤ የሥር እብጠት ናት። ብዙ ሰው አክርማን ከዚህ ጋር ያምታታል። የአክርማ ሥር እንደ ጭራ የተበተነ ነው፤ ፍሬ የለውም።

ነገሩን ሳስበው ይደንቀኛል። ለበዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቀጤማ፣ በጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ የእንግጫ ወገን ናቸው። ደንገልን ቆርጣችሁ ብታዩት እርሱም ሦስት ማዕዘን ነው። ውሃ ዳር የኖረ ሰው ዘመዶቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ግቢዬ የገባውን ግን አላወቅሁትም።

ለመስቀል ግብርና ያጠናው የወንድሜ ልጅ ሲመጣ ነቅዬ አሳየሁት። «አክስቴ፣ እንግጫ የሚባሉት ብዙ ናቸው፤ አንቺ ዘንድ የገባው ከሁሉ ክፉው ነው» አለኝ። የአረም ባለሙያዎች ይህን አረም ከዓለም አረሞች ሁሉ የከፋው ይሉታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ያልገባኝን በአንድ ምሳሌ አስረዳኝ። ፍሬዎቹ በክር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰኩ ናቸው። ከጫፍ ያለችው ቅጠል ስታወጣ ሌሎቹን አስተኝታ ትይዛቸዋለች። ዶማ መጥቶ ክሩን ሲቆርጠው የሚያስተኛቸው ስለሌለ እያንዳንዷ ነቅታ የራሷን ቅጠል ታወጣለች። እርጥብ አፈር ውስጥ ደግሞ የምትሞት የለችም። በ2009 ሠራተኞች ቀጥሬ ያስደረግሁት መዝራት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የነገረኝ ነገር ተስፋ ሰጠኝ። ይህኛው እንግጫ በዘር እምብዛም አይራባም፤ ኃይሉ ሁሉ በፍሬዋ ውስጥ ነው። ፍሬዋ ጎተራው ናት። ቅጠል በተቀጠፈበት ቁጥር ከጎተራው አውጥቶ አዲስ ቅጠል ይሠራል። ቅጠሉ ወጥቶ ሦስትና አራት ሳምንት ከቆየ ግን ጎተራውን መልሶ ይሞላል፣ አዲስ ፍሬም ያፈራል። ስለዚህ ሥራው ጎተራውን ባዶ ማድረግና እንዳይሞላ መጠበቅ ነው።

አንዳንድ ሰው ግቢ የሚገባው ሌላው ዓይነት ነው። ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ፣ ጫፉ ረዝሞ የሾለ፣ አበባው ወደ ቢጫ ያደላ ነው፤ ፍሬዋም በክር ጫፍ ብቻዋን ትገኛለች፣ ስትቀመስ ጣፈጥ ትላለች። የእኔዋ ትመራለች። በግቢ ሣር ውስጥ የሁለቱም አያያዝ ተቀራራቢ ነው።

ግቢውን በሁለት ከፈልኩት። ክፉኛ የተወረረው 60 ካሬ ሜትር ያህል ነበር፤ እዚያ ሰርዶው ተሸንፏልና መሥዋዕት አደረግሁት። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ ከለከልኩት። በኅዳር መጨረሻ፣ ዋልካው ሲሰነጣጠቅ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አስቆፈርኩት፤ አብዛኞቹ ፍሬዎች ላይ ላዩን፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነበሩ። ጓሉን እንዳለ ገልብጠን ተውነው። በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ገለበጥነው። የፈረሰውን አፈር በወንፊት አበጥረን ፍሬዎቹን ቆርቆሮ ላይ አሰጣናቸው። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ የሚያደርጉትን የዶማ ጉልበት አያደርገውም። ፍሬዋን በቢላዋ ስትከፍሏት ውስጧ ነጭና እርጥብ ከሆነ ነፍስ አላት፤ ቡናማና ክው ያለች ከሆነ አብቅቶላታል። በመጨረሻ አቃጠልናቸው። ፍሬ ያለበትን ነገር ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፤ ቅጠሉ ብቻውን ከሆነ ግን ችግር የለውም።

በየካቲት አንዱን ጥግ ውሃ አጠጥቼ ጥቁር ላስቲክ አለበስኩት። የቀሩት ቡቃያዎች እንደ መርፌ በስተውት ወጡ። ጫፋቸው በጣም ስለት ነው። ከዚያ መጋቢት 2012 መጣ፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ፣ መሰባሰብም ተከለከለ። የተያዙ ድግሶች ሁሉ ተሰረዙ። ከባድ ጊዜ ነበር፣ ገቢ የሚባል አልነበረኝም። ግቢው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የማይረግጠው ሆነ፤ ወሩም ከዓመቱ ሁሉ ፀሐዩ የሚከርበት ነው። የወንድሜ ልጅ በስልክ እንደነገረኝ የተቆፈረውን ቦታ አለስልሼና ደልድዬ፣ ውሃ አጥግቤ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፈንኩት፤ ዳር ዳሩን በአፈር ቀበርኩ። ብርሃን ስለሚያልፍ ቡቃያው ከላይ የደረሰ ይመስለውና ቅጠሉን ከላስቲኩ ሥር ይዘረጋል፤ ተዘርግቶ መብሳት አይችልም፣ እዚያው ይቃጠላል። እስከ ግንቦት አጋማሽ አቆየሁት። ሁሉም አልሞቱም፤ ጠለቅ ብለው የነበሩት ላስቲኩ ከተነሣ በኋላ ብቅ አሉ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ እነርሱን ለቀምኩና በሰኔ ሰርዶ መልሼ ተከልኩ። የተተከለውን ሰርዶ ከራሴ ግቢ ንጹሕ ክፍል ነው የወሰድኩት፣ ሥሩንም አፈሩ እስኪለቅ በውሃ አጥቤ።

በቀረው 140 ካሬ ሜትር ላይ ግን ዶማ አላነሣሁም። እዚያ ሥራው የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነበር። ዝናብ ጥሎ አፈሩ በለሰለሰ ጊዜ፣ ቡቃያው አምስት ቅጠል ሳይሞላው፣ ከታች ነጩ ላይ ይዤ፣ በጠባብ ቢላዋ ከጎኑ ደግፌ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ። ፍሬዋ አብራ ከመጣች እሰየው። ከተበጠሰች አልቆጭም፤ በሁለት ሳምንት ተመልሼ እመጣለሁ፣ እርሷም ከጎተራዋ አንድ ቁና ጎድሎባታል። ቦታው እንዳይጠፋኝ በየክቡ ዳር ቀጭን ችንካር ተከልኩ። በ2012 ሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ባልዲ ወጣ። በነሐሴ መጨረሻ ግማሽ ባልዲ ነበር።

ከዚህ ሥራ የሚከብደው አለማቋረጡ ነው። በ2013 ክረምት ጎንደር ያለችው እኅቴ ታማብኝ አምስት ሳምንት ሄድኩ። ለአትክልተኛው ነግሬው ነበር፤ ማጨዱን እንጂ መልቀሙን አላስታወሰም። ስመለስ ችንካሮቹ አካባቢ እንደገና ለምልሟል። እንደ 2009 አልሆነም፣ ግን የአንድ ዓመት ድካሜን ግማሹን ወሰደው። ከግቢ የምትርቁ ከሆነ የሚለቅመውን ሰው እጁን ይዛችሁ፣ ግንዱን አስንከባልላችሁ አሳዩት። «አረሙን ንቀል» ማለት አይበቃም፤ እርሱም እንደ እኔ ሣር ነው የሚመስለው።

አረሙን መልቀም ብቻውንም አያድንም። እንግጫ ጥላ አይወድም፤ ስለዚህ ሰርዶው ራሱ ጥላ እንዲሆንበት ከአምስት ሴንቲ ሜትር በታች አላሳጭድም። ማዳበሪያ በሐምሌ መበተን ትቼ፣ እንግጫው መድከም ሲጀምር፣ በመስከረም መጨረሻ የበሰለ ኮምፖስት በስሱ እነሰንስለታለሁ። በአጥሩ ሥር፣ ያ የ2009 ክምር በበቀለበት፣ ስኳር ድንች ተከልኩ፤ ሐረጉ መሬቱን ሲሸፍነው እንግጫው በአንድ ክረምት ሳሳ። የሣር ማጨጃ ማሽን ከሌላ ሰው ግቢ ተበድራችሁ ስታመጡ ጎማውንና ሆዱን በር ላይ እጠቡት፤ ጭቃ ውስጥ አንዲት ፍሬ ትበቃለች።

ውሃን በተመለከተ አንድ የዘገየ ግኝት አለኝ። ችንካሮቹን በወረቀት ላይ ስስላቸው አብዛኞቹ ከውሃ ታንከሩ ተነሥተው ወደ ታች የወረዱ ሆነው አገኘኋቸው። ታንከሩ ሲሞላ በየሌሊቱ ይፈስ ነበር፤ በበጋ እንኳን ያ ጥግ አይደርቅም። እንግጫ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው ቤቱን የሚሠራው። የታንከሩን ተንሳፋፊ መዝጊያ አስቀየርኩ፣ ጥልቀት የሌላት ቦይ አስቀደድኩ። ይህን መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ የቀረው ሥራ በእጥፍ ይቀልልኝ ነበር። እንግጫ ያለበት ግቢ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ከማንኛውም ነገር በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ።

በ2014 ክረምት በአንድ ቅዳሜ ከግቢው ሁሉ የለቀምኩት አንድ እፍኝ ነበር። ድግሱም ተመልሷል፤ በሰኔ አንዲት ሙሽራ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ስትራመድ ከበረንዳዬ ቁጭ ብዬ አየኋት።

በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ የእማማ ሁለት የልጅ ልጆች በሩን አንኳኩ። አያታቸው ስለ እንግጫ ነቀላ ስትተርክላቸው ከርማ፣ እነርሱም ለእንቁጣጣሽ ሊጎነጉኑ ፈልገዋል። «እትዬ፣ እማማ እርስዎ ጋ እንግጫ አይጠፋም ብላናለች» አሉኝ። አብረን ግቢውን ዞርን። ማንጎው ሥር የለም፣ በአጥሩ ሥር የለም። በመጨረሻ ታንከሩ አጠገብ ሦስት ቡቃያ አገኘን። ለቀረው ወደ ዓባይ ዳር ካለው ረግረግ ከእናታቸው ጋር እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ሦስቱን በቢላዋ ከነሥራቸው አወጣሁ፤ ፍሬዎቹን ቆርጬ በእጄ አስቀርቼ ቅጠሉን ሰጠኋቸው።